ከደረጃው ሥር የተቆለለው ድንኳን

አንድ የዕድር ዳኛ ነበር። ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርስ፣ በመንገድ ሲያልፍ ጎረቤቱ ሁሉ የሚነሳለት ሰው። የሚኖረው ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ላይ፣ መጨረሻው ፎቅ ነው። ሕንጻው አንድ ደረጃ ብቻ ነበረው። የከተማው ሕግ ለዚያን ያህል ፎቅ አንድ ደረጃ ይፈቅዳል፤ ግን ደረጃው ባዶ ይሁን፣ የሚነድ ነገር አይቀመጥበት ይላል።

ዕድሩ ዕቃ ቤት አልነበረውም። ዳኛው ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን አስመጥቶ ከደረጃው ሥር፣ ከመብራት ቆጣሪው አጠገብ አስቆለለ።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ አየችው።

«ጋሼ፣ መውረጃችን እኮ ይቺው ናት። እሳት ቢነሳ በየት ልንወጣ ነው?»

«ኧረ አታሟርቺ!» አላት እየሳቀ። «የለቀስተኛ ድንኳን ዝናብ ይምታው? ነገ ለሁላችንም የሚተከል ነው።»

«ለእኔስ ትንሽ ይቆይልኝ» አለች። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ነገሩ በዚያው ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳኛው ከዕድር ስብሰባ ሲመለስ ከሕንጻው በር ጥቁር ጭስ ሲወጣ አየ። ቆጣሪው እሳት ተፍቶ የድንኳኑ ሸራ ተያይዟል። ሊገባ ሞከረ፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ጭሱ መለሰው። ሚስቱ ከላይ በመስኮት ትጮኻለች።

«በየት ልውረድ? ንገረኝ እንጂ! በየት ልውረድ?»

ዳኛው ወደ መንገዱ ዞሮ ሰው ተጣራ።

ማዶ ግንባታ ላይ የነበሩ የቀን ሠራተኞች ሁለት መሰላል በሽቦ አስረው አቆሙ። ሚስቱን አወረዱ። መስኮት ላይ የቆሙትን ሁሉ አንድ በአንድ አወረዱ። ልብስ ሰፊዋ ግን መስኮት ላይ አልነበረችም። ጭሱ ሲሸታት ሰው በለመደው መንገድ፣ ወደ ደረጃው ሮጣለች። ያገኟት ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ነው፤ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ። እሳት አልነካትም። የገደላት ጭሱ ነው።

ዳኛው አጥሩ ሥር ቁጭ አለ። ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው እሱ ነበርና፣ ሰዎች መጥተው «ምን እናድርግ?» አሉት። ደግመው ጠየቁት።

ከነዚያ ሠራተኞች አንዱን አውቀዋለሁ። ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላውም፤ ሲሚንቶ ተሸክሞ ነበር የሚያድረው። ይህን የነገረኝ እሱ ነው።

እንግዲህ አንተ መሐንዲሱ፣ የሕንጻህን ፕላን ይዘህ መጥተህ፣ «አንድ ደረጃ ከተፈቀደልኝ፣ ሥሩን ዕቃ ቤት ባደርገው ምን ይጎዳል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጉሮሮህ ስንት ነው? አንድ ነው። እህል ያልፍበታል እንጂ አይቀመጥበትም። ዳኛው ያስቀመጠው ክፉ ነገር አልነበረም። ጉሮሮ ላይ የሚቀረውም እህል እንጂ መርዝ አይደለም፤ ግን ይገድላል። የሕንጻህ ደረጃም እንደዚያ ነው።

በል ፕላኑን አምጣና ያን ዕቃ ቤት እዚሁ ፊቴ ሰርዘው።