ፍየሏ አንገት ላይ ያለው የናርዶስ ቀበቶ

«አንቺ ሁሉን ታያለሽ፤ ግን ዝም ትያለሽ። ኧረ ያየሽውን ተናገሪ!»

ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ቀን መምህርት ውዳላት ያሉኝ ነው። ዓመታት አልፈው ትዝ ያለኝ ድሬዳዋ፣ የልጅ የመኪና ወንበር ልከራይ በገባሁበት ግቢ ነው።

የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሁለት ዓመቷ ልጄ ናርዶስ በወንበሯ ታስራ በደህና ሐረር እንድትደርስ። በአስር ሰዓት የእህቴ ጥሎሽ ይመጣል። አሁን ሰባት ሰዓት ሆኗል።

«አቅፈሽ ያዢያት በቃ! እኛስ በምን አደግን?» አለኝ ሾፌራችን ኢብሳ።

የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ አሰብኩት። ፍሬን አንዴ ድንገት ቢያዝ ልጄ ከእጄ ትበራለች። «አይሆንም» አልኩ።

አከራዩ ጋሽ በልሁ ወንበሩን አውጥተው በመዳፋቸው አቧራውን መታ መታ አደረጉለት። «ይኸው! ከሶፋ ይበልጣል!»

ዞር አድርጌ አየሁት። ከትከሻ ወርዶ ደረት ላይ የሚቆለፈው ቀበቶ የለም። ቀዳዳው ብቻ ነው ያለው።

«ጋሽ በልሁ፣ ቀበቶውስ?»

«እሱማ… ፍየሏ ጋ ነው።»

ጠዋት ፍየል ገዝተዋል፤ ማሰሪያ አጥተዋል። «የውጭ ዕቃ ነው፣ ልጅ የያዘ ፍየል ያቅተዋል?» ብለው በቀበቶው አስረዋት፣ ግቢው ጥግ ቆማ ትጮሃለች። ገመድ ካላገኙላት አይፈቷትም።

እንግዲህ ፍየሏ አትፈታም፤ ቀበቶው አይመጣም፤ ወንበሩ ልጅ አይዝም፤ ናርዶስ ሐረር አትደርስም።

«ገመድዎስ?» አልኳቸው። ለጎረቤታቸው ለፈቲያ አውሰዋታል። ሮጥን። ፈቲያ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ገመዱ ከግንብ እስከ ግንብ አንሶላ ተሸክሟል።

«እርጥቡን አላወርድም አቦ! መሬት ከነካ ደግሜ ላጥብ ነው?»

እንግዲህ አንሶላው አይወርድም፤ ገመዱ አይለቀቅም፤ ፍየሏ አትፈታም፤ ቀበቶው አይመጣም፤ ወንበሩ ልጅ አይዝም፤ ናርዶስ ሐረር አትደርስም።

«በዚህ የድሬ ፀሐይ እንዴት አይደርቅም?» አለ ኢብሳ።

«የታለች ፀሐይዋ?» አለች ፈቲያ። እውነቷን ነው። ከአጥሩ ጥግ አንድ ጭነት የሞላ አይሱዙ ቆሞ ግቢውን በሙሉ አጥልቶበታል።

እንግዲህ አይሱዙው አይነቃነቅም፤ ፀሐይዋ አትገባም፤ አንሶላው አይደርቅም፤ ገመዱ አይለቀቅም፤ ፍየሏ አትፈታም፤ ቀበቶው አይመጣም፤ ወንበሩ ልጅ አይዝም፤ ናርዶስ ሐረር አትደርስም።

የአይሱዙው ባለቤት አብዶሽ ማዶ በረንዳ ላይ ትራሱን ተደግፎ፣ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። ድሬ ላይ በዚህ ሰዓት ቃሚን ከመደቡ ማስነሳት ከባድ ነው።

«አብዶሽ፣ በእናትህ!» አሉት ጋሽ በልሁ።

«ከአስር ሰዓት በፊት ወላሂ አልነሳም።»

«ኧረ ለህፃኗ ብለህ!» ጮኸች ፈቲያ።

«ህፃኗም ትቀመጥ። ትራስ አለ።»

ኢብሳ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አብዶሽ አይነሳም፤ አይሱዙው አይነቃነቅም፤ ፀሐይዋ አትገባም፤ አንሶላው አይደርቅም፤ ገመዱ አይለቀቅም፤ ፍየሏ አትፈታም፤ ቀበቶው አይመጣም፤ ወንበሩ ልጅ አይዝም፤ ናርዶስ ሐረር አትደርስም!

«በቃ እቀፊያትና እንሂድ» አለኝ ኢብሳ። ናርዶስን ወደ ደረቴ ሳብኳት። መምህርት ውዳላት ትዝ ያሉኝ ይሄኔ ነው። ስንገባ ያየሁት፣ አይቼም ዝም ያልኩት ነገር ነበር።

«አብዶሽ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። «የጫንከው ምንድን ነው?»

«ቲማቲም።»

«ከኋላ በኩል ቀይ ውሃ እየፈሰሰ ነው። ከታች ያለው ሣጥን ተጨፍልቋል።»

«አቦ! ቲማቲሜ!»

ትራሱ ወዲያ፣ ጫማው ወዲህ! አብዶሽ ተነሳ፤ አይሱዙው ተንደቅድቆ ወደ ገበያ ከነፈ፤ ፀሐይዋ ገባች፤ አንሶላው ደረቀ፤ ገመዱ ተለቀቀ፤ ፍየሏ በገመዱ ታሰረች፤ ቀበቶው መጣ!

«ፍጠኚ፣ ስምንት ተኩል ሆኗል!» ይላል ኢብሳ። እኔ ቀበቶውን ስንዝር በስንዝር ዳሰስኩት። የፍየል ምራቅ አለበት፤ ጥርስ ግን አልነካውም። በሁለት እጄ ጎተትኩት፤ ጠንካራ ነው። ጋሽ በልሁ በቀዳዳው አሾልከው መለሱት።

«ተጣሟል» አልኳቸው። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማን ያቆመኛል! ፈትተው አቃኑት። ወንበሩን በመኪናው ቀበቶ አጥብቀን አሰርነው፤ ያዝ አድርጌ ነቀነቅሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ናርዶስን አስቀምጬ ቆለፍኩ። ትከሻዋ ላይ ቀበቶውን በጣቶቼ ልቆነጥጠው ብሞክር አልቆነጠጥ አለኝ፤ አልላላም ማለት ነው።

«አሁን ንዳ!»

ወንበሩ ልጄን ያዘ፤ ኢብሳ ነዳ። ደንገጎ ላይ አህያ ዘው አለችና ፍሬን ያዘ፤ እኔ ወደፊት ተወረወርኩ፣ ቀበቶዬ መለሰኝ። ናርዶስ ግን ከወንበሯ ሳትነቃነቅ «ድገመው!» ብላ ሳቀች። ኢብሳ በመስታወት አየኝና ፍጥነቱን ቀነሰ። ጥሎሹ በር ላይ ሲደርስ ደረስን።

በሦስተኛው ቀን ወንበሩን ስመልስ ከጋሽ በልሁ ፕላስተርና እስክርቢቶ ለመንኩ። በሰባተኛ ክፍል እጅ ጽሑፌ «ቀበቶዬን ሳታዩ ልጅ አታስቀምጡብኝ» ብዬ ጽፌ፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ ለጥፌው ወጣሁ።