ይመኑ ያልከፈተው ጉድጓድ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ መላሹ የታለ?

፦ የላም በረት።

እንዲህ ነው እንጂ፤ ተኝታችሁ መስሎኝ ነበር።

በድሮ ዘመን ይመኑ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከጠጂቱ ጋር ይኖር ነበር። ልጃቸው አስናቀ በተወለደ ዓመት ማሽላው እጅግ ሰመረና ይመኑ ጉድጓድ ቆፈረ። በጭድ እሳት አደረቀው። ከዚያም ማሽላውን ሞላና አፉን በድንጋይ ገጥሞ በእበት መረገው።

፦ ይኼ የእርጅናችን ነው፤ አለ።

ጥሩ አለ። ታዲያ በዚያ አገር የእህል ጉድጓድ በየዓመቱ ይከፈታል። አሮጌው ይወጣና አዲሱ ይገባል። የከፈተ ሰውም ለጎረቤቱ አንድ አንድ ቁና ይሰፍራል፤ ወጉ ነው። ይመኑን ይቺ ቁና አንገበገበችው። ከፍቶ ከሚያጎድል ዘግቶ ቢያስበው ይሻለው ነበር።

፦ አንተ ሰው፣ እህሉን እንለውጠው እንጂ፤ ትለዋለች ጠጂቱ።

፦ የተከደነ አይጎድልም፤ ይላታል።

ክፉ ዘመን መጣ። ጎመን ቀቅለው በሉ እንጂ አልከፈተም። እኔ ብሆን ድንጋዩን በጥርሴ ባነሳሁት። እሱ ግን ሆዱ እየጮኸ ሄዶ ጉድጓዱ ላይ ቁጭ ይላል። ያን ጊዜ የጠገበ ይመስለዋል።

ዓመት ዓመትን ወለደና ጉልበቱ ከዳው። አንድ ቀን ልጁን ጠራው።

፦ አስናቀ፣ በሬዎቹን ውሰድ። እኔና እናትህ ከእንግዲህ ከጉድጓዳችን እንበላለን።

፦ መጀመሪያ ከፍተን እንየው፤ አለች ጠጂቱ።

፦ የሞላሁት እኔ፣ ምኑን ነው የማየው?

አስናቀም በሬዎቹን ነድቶ የአራት ቀን መንገድ፣ ወደ ሚስቱ አገር ሄደ።

በሳምንቱ ጉድጓዱ ተከፈተ። ጎረቤቱ ሁሉ ቁናውን ይዞ መጣ። ድንጋዩ ሲነሳ ሽታው ሰዉን ወደኋላ መለሰው። ትንሽ አናፈሱትና ይመኑ ተንበርክኮ እጁን ሰደደ። ማሽላ የለም፤ ጥቁር ጭቃ ነው። ሌላ ጋ ጨበጠ። እሱም ጭቃ። ያን ሁሉ ዘመን የተራበው ለዚህ ነበር? ጎረቤቶቹ ቁናቸውን ነጠላቸው ሥር ደበቁ።

ጠጂቱ ጭቃ የያዘ እጁን አየችው።

፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው? አለችው።

፦ እኔ በምን አውቄ? ከፍቼው አላውቅ።

በሉ ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ። ዳቦው ግን የዘንድሮ እህል ይሁን።