እመት አህዪትና የቁርበቱ ቺንጋ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት መኪና በሚነዱበት ዘመን፣ እመት አህዪት የምትባል ሾፌር ነበረች። መኪናዋ አሮጌ ብትሆንም ውስጧ አልጋና ምድጃ ስላላት፣ እመት አህዪት በመሸበት ታድርባት ነበር። ከኤሊ በቀር ቤቱን ይዞ የሚዞር የለም የሚል ካለ እሷን አላየም።

የመኪናዋ ክፋት መሪዋ ነው፤ ከድንጋይ ይከብዳል። አምና እመት አህዪት ጉልበቷን የሚያማትን ታላቅ እህቷን ፍልውሃ ልታደርስ ተነስታ፣ ከዳገቱ መንገድ አርባ መታጠፊያዎች አስረኛው ላይ ትከሻዋ አልታዘዝ ስላላት አርፋ አርፋ ተመለሰች። ዘንድሮ እህቷ ጭራሽ መቆም አቅቷታል። ክረምት ገብቶ መንገዱ ሳይዘጋ ካልደረሱ፣ ለከርሞ መኖሯም እንጃ።

መካኒኩ ቀበሮ ይህን ሰምቶ፣ «በዘይት ግፊት እየታገዘ የሚዞር፣ ሃይድሮሊክ የሚሉት መሪ ልግጠምልሽ» አላት። «የአንበሳ መኪና ተገልብጣ ጓሮዬ ወድቃለች፤ ፓምፑ ደህና ነው።»

«ሾፌር በክንዱ ነው የሚለው አንበሳ?»

«እሱው። እየፎከረ በሁለት ጥፍሩ ነበር የሚያዞረው።»

እመት አህዪት ግን አፈረች። «ተወኝ ወንድሜ። አህያ ከበደኝ ካለች ማን ሊሸከም ነው?»

ቀበሮ ፈገግ አለ። «ጭነት ሲጫንሽ ጀርባሽ ላይ ድሪቶ ይደረብልሽ የለም?»

«ይደረባል።»

«ሸክሙን የሚሸከመው ታዲያ ድሪቶው ነው?»

«እኔ ነኝ እንጂ።»

«ይኸም ድሪቶ ነው።»

እህቷን አሰበችና እሺ አለች። ቀበሮ ፓምፑን ገጠመ፣ ዘይት ሞላ። ፓምፑን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ቺንጋ ግን ለዚያች አሮጊት መኪና በልኳ ስለጠፋ፣ ከበሬ ቁርበት ቆርጦ ሰፋላት። «ውሃ እንዳይነካው፤ ጅብም እንዳያየው» ብሎ ሸኛት። መሪው በአንድ ሰኮና ሲዞርላት እመት አህዪት ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

በማግስቱ እህቷን አልጋው ላይ አስተኝታ ጉዞ ጀመረች። አያ ጅቦ የተጠቀለለ ቁርበት በብብቱ ይዞ መንገድ ዳር ቆሟል። በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለት የለመደ ነውና፣ ዘንድሮ እምቢ እንዳይሉት የራሱን ይዞ ይዞራል።

«አሳፍሪኝ» አለ። «አህያ መብላት ትቻለሁ። አሁን ቁርበት ላይ የምተኛ ጨዋ ነኝ።»

እመት አህዪት አላመነችውም፤ ጭቃ ቢይዘን ይገፋልናል ብላ ግን ጣሪያው ላይ አወጣችው።

ሠላሳ ሰባቱን መታጠፊያ እንደ ጨዋታ አለፉት። ከዚያ ሞተሩ ጋለና እመት አህዪት ኮፈኑን ከፍታ ውሃ ልትቀዳ ወደ ምንጩ ወረደች። ስትመለስ አያ ጅቦ አፉን ይልሳል።

«አያ ጅቦ፣ ቺንጋው የት ሄደ?»

«የምን ቺንጋ? እኔ ያየሁት ቁርበት ነው።»

«የራስህ ቁርበት እያለ?»

«እሱማ መኝታዬ ነው። ጨዋ መኝታውን ይበላል?»

እመት አህዪት ቀና ብላ አየች። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከፍልውሃው በፊት ያለው ወንዝ ከሞላ መሻገር የለም። ሌላ ቺንጋ ለመስፋት ጊዜ አልነበራትም። መሪውን ስትይዘው እንደ ድሮው ከባድ ነው፤ ግን አልዞርም አላለም። ትከሻዋም ሠላሳ ሰባቱን መታጠፊያ ሲያርፍ ነው የመጣው። አንዱን አዞረች። ሁለተኛውንም አዞረች። ሦስተኛው ላይ እህቷ ከአልጋዋ ሆና፣ «እህቴ፣ ከከበደሽ እንመለስ» አለቻት።

«ከብዶኛል እትዬ» አለች እመት አህዪት። «ግን ደርሰናል።» ከበደኝ ማለት ያን ያህል እንደማያሳፍርም ያን ጊዜ ገባት።

ወንዙንም ሳይሞላ ተሻገሩ፤ በደረሱ በሰባተኛው ቀን እህቷ ፍልውሃው ዳር በራሷ እግር ቆመች። ዝናቡም ሲያባራ እመት አህዪት የአያ ጅቦን መኝታ ዘርግታ ከጠርዙ ቺንጋ ቆረጠች። አያ ጅቦ አለቀሰ።

«አታልቅስ» አለችው። «ቺንጋው አሁን ያንተ መኝታ ነው፤ ጠብቀው።»

እውነትም አገራቸው እስኪገቡ፣ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ኮፈኑ ላይ እየተጋደመ ዝንብ እንኳ አላስጠጋም።

ከዚህ የምንማረው፣ በደህናው መንገድ እርዳታ ተቀብሎ ጉልበቱን ያሳረፈ ለክፉው መታጠፊያ አቅም እንደማያጣ ነው።