ደጅ ደጁን ያከመችው ሐኪም

አንድ ጊዜ፣ የአራዊት ንጉሥ አንበሳ እርጅና ጉልበቱን ሲነካካው ጊዜ ስለ ጫካው ሽማግሌዎች ማሰብ ጀመረ። የራሱ ወገብ ካልታመመ የሌላው ሕመም ለማን ይታያል? አዋጅም አስነገረ፦ አዳኝ ሁሉ ከግዳዩ አንድ ሙዳ ሥጋ ከነአጥንቱ ለግምጃ ቤት ያስገባል፤ በዚያ ሥጋ ያረጁት ሁሉ ከማደሪያቸው ሳይወጡ በነፃ ይታከማሉ።

ሐኪም ሆና የተሾመችው ቀበሮ ናት። እሾህ በመንቀል የሚስተካከላት አልነበረም። አንድ በሽተኛ በጎበኘች ቁጥር አንድ ሙዳ ይከፈላታል። ጉብኝቱን የሚቆጥረው ጅብ ሲሆን፣ የሙዳው አጥንት የእሱ ድርሻ ነው። ችግሩ፣ ጅብን ወደ ደካማ ቤት የሚያስገባ ሞኝ አልተገኘም። ስለዚህ ከውጭ ቆሞ የቀበሮን ዱካ ብቻ እያየ እንዲቆጥር ተወሰነ።

በዚያ ሰሞን አንድ ያረጀ አህያ ሰኮናው ውስጥ እሾህ ገብቶበት ተኝቶ ነበር። በጋው ጠንክሮ ምንጩ እየደረቀ በመሆኑ፣ መንጋው ወደ ሩቁ ወንዝ ሊወርድ ቀን ቆርጧል። እስከዚያ መራመድ ካልቻለ ብቻውን መቅረቱ ነው።

ቀበሮ መጣችና እሾኹን አየችው። ዛሬ ከነቀለችው ነገ የምትመጣበት ምክንያት የለም፤ ስለዚህ ነገ እመለሳለሁ ብላው ወጣች። ከዚያ ወዲያ መግባቱንም ተወችው። በየማለዳው ደጁ ላይ ወዲያ ወዲህ ትልና ትሄዳለች። ጅብ ዱካውን ይቆጥራል፣ አጥንቱን ይቆረጥማል። አህያው ከውስጥ ሆኖ ሐኪሟ እኮ አልገባችም እያለ ቢጣራም ጅብ አልተነቃነቀም።

«እኔ የታዘዝኩት እንድቆጥር ነው፤ እንድሰማ ማንም አላዘዘኝም» አለው።

መንጋው በቀኑ ተነሥቶ ሄደ።

አንበሳ አህያው አርባ ጊዜ መታየቱን ሲሰማ ደስ አለው። እንኳን ማረህ ሊለው ራሱ መጣ። ሲገባ አህያው እንደተጋደመ ነው።

«አያ አህዮ፣ አርባ ጊዜ ታክመህ እስካሁን አልተነሣህም?»

«ንጉሥ ሆይ፣ አርባ ጊዜ የታከመው ደጄ ነው» አለ አህያው። «እግሬ እሾኹን እንደያዘ ነው።»

ቀበሮ ተጠርታ መጣች። በንጉሡ ፊት እሾኹን በጥርሷ ይዛ መዥረጥ አደረገችው፤ አንድ ጊዜ ለማዛጋት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም። ሰኮናው ግን መግል ይዞ ከውስጥ በስብሶ ነበር። አንበሳ ቀበሮንም ጅብንም ሻረና፣ ከእንግዲህ ለሐኪም የሚከፈለው በሽተኛው ታክሜአለሁ ብሎ ሲመሰክር ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ደንቡ መልካም ነበር። ለአህያው ግን አልደረሰለትም፤ ዳግመኛ ሳይራመድ ከደረቀው ምንጭ አጠገብ ባለው ማደሪያው ብቻውን ሞተ። ያሳዝናል።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአረጋውያን ሕክምና መክፈል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሐኪሙ መምጣቱን ከመቁጠር በፊት ሕመሙ መሄዱን በሽተኛውን ራሱን መጠየቅ እንደሚገባ ነው።