የዘጌዋ ወጌሻና የደቁ ቀዛፊ

አባባል ሲነገር ከሰማይ የወረደ ይመስለናል እንጂ አብዛኛው ከአንድ ሰው ላብ የወጣ ነው። በጣና ዳርቻ፣ ሥራ ይዞ አልለቅ ያለን ሰው ለመምከር ሽማግሌዎች የሚናገሩት አንድ አባባል አለ። እሱም መነሻው የእንየው ክንድ ነው።

እንየው በደቅ ደሴት ስሙ የታወቀ ቀዛፊ ነበር። ሌላው ሰው ከደቅ ተነሥቶ ዘጌ እስኪደርስ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፤ እሱ ግን የደንገል ታንኳውን ከገፋ ምሳውን ዘጌ ይበላል። በጉልበቱ ይመካል፤ ግን ክፋት የለበትም። የታመመ አድርስልን፣ እህል አሻግርልን ያለውን ሁሉ እሺ ይላል እንጂ ደከመኝ ማለትን ከነጭራሹ አያውቅም።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ታላቅ ወንድሙ ይርሳው የቤቱን ክዳን ሲያድስ ከጣሪያ ወደቀ። ዳሌው ከቦታው ወጥቶ እግሩ ወደ ውስጥ ዞረና አጠረ። ሊያነሡት ቢሞክሩ በጩኸቱ መንደሩ ተሰበሰበ። አባታቸው አቶ ደምለው ጎንበስ ብለው እግሩን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን የሚመልሱ የዘጌዋ እሜቴ አትጠገብ ብቻ ናቸው» አሉ። «ሦስት ቀን ካለፈው ግን እሳቸውም አይችሉም። ሥጋው እንደያዘው ይቀራል፤ ልጄም ዕድሜውን ሙሉ እንዳነከሰ ይኖራል።»

ይርሳው አምስት ልጆቹን የሚያበላው በሬ ተከትሎ በማረስ ነበር። እንየው የአባቱን ቃል እስኪጨርሱ እንኳ አልጠበቀም፤ ሮጦ ታንኳውን ውሃ ላይ ጣለ። እህል አልቀመሰም፣ ስንቅም አልያዘም። ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ ከፊት ለፊቱ ነበር። ማዕበሉ አንድ ክንድ ሲመልሰው ሁለት ክንድ እየቀዘፈ፣ አንዴም መቅዘፊያውን ሳያስቀምጥ አሥር ሰዓት ላይ ዘጌ ደረሰ።

እሜቴ አትጠገብ ደጃቸው ላይ ጌሾ ሲያሰጡ አገኛቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቀጭን ሴት ናቸው፤ አጥንት በማቅናት በሐይቁ ዙሪያ አቻ የላቸውም። እንየው ቆሞ እያለከለከ የሆነውን ነገራቸው።

«የእግሩን ጣቶች ያንቀሳቅሳል?» አሉት።

«ያንቀሳቅሳል።»

«እግሩ ሲነካ ይሞቃል?»

«ይሞቃል፣ እሜቴ። ታንኳው ቆሟል፤ ይነሡልኝ።»

እሳቸው ግን ጌሾውን ማሰጣት ቀጠሉ። «ጣቱ ከተንቀሳቀሰ፣ እግሩም ከሞቀ ጊዜ አለን። ነገ ጎህ ሲቀድ እንነሣለን።»

እንየው የሰማውን ማመን አቃተው። «ወንድሜን እያቃሰተ ነው የተውኩት። እንዴት አድራለሁ?»

«እስቲ እጅህን ዘርጋው።»

ዘረጋ። ሁለቱም እጆቹ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ይህ እጅ እኔንም አንተንም ደቅ አያደርስም» አሉት ረጋ ብለው።

እንየው ተቆጣ። ሌላ ወጌሻ እንደሚፈልግ ተናግሮ ወደ ውሃው ወረደ። ታንኳውን ገፍቶ ገባና መቅዘፍ ጀመረ። ስድስት ጊዜ ያህል እንደቀዘፈ የቀኝ ክንዱ ጡንቻ ድንገት ተቋጠረ። ጣቶቹ እንደ ጭልፊት ጥፍር ታጥፈው ቀሩ፤ መቅዘፊያው ከእጁ ወደቀ። በግራው ሊያነሣው ቢሞክር ግራውም ተከተለ። በሕይወቱ ሙሉ ያዘዘውን ሁሉ የፈጸመ ክንድ ያን ቀን የራሱን መቅዘፊያ መያዝ አቃተው። ታንኳው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው መጣ። ሕመሙ አልነበረም ያስለቀሰው፤ ወንድሙን የከዳ መስሎ ተሰማው እንጂ።

ማዕበሉ ታንኳውን ወደ ዳር መለሰው። እሜቴ አትጠገብ በትራቸውን ይዘው እዚያው ቆመው ነበር። አልሳቁበትም፣ ነገርኩህ አላሉትም።

«እንኳን እዚህ ሆነ» አሉት። «መሃል ሐይቅ ቢሆን ማን ይሰማህ ነበር? ና፣ መጀመሪያ ወዲህ ወዲያ እያልክ ተራመድ። ትኩስ ጡንቻ ባንዴ ከተጋደመ ይደርቃል።»

ትንፋሹ እስኪመለስ አራመዱት። ከዚያ በሶ በማርና በጨው በጥብጠው አጠጡት፤ የተቋጠረውን ክንድ ለብ ባለ ቅቤ ከትከሻ እስከ ጣት ቀስ እያሉ አሹት። ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። እንየው እነዚያ ቀጭን እጆች የት የት እንደሚያመው ሳይነግራቸው ሲያገኙት እየተገረመ ያያቸው ነበር።

«አሁን ስማኝ» አሉት እያሹ። «ታንኳህ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ምን ታደርገዋለህ?»

«አውጥቼ ፀሐይ ላይ አደርቀዋለሁ።»

«ሳይደርቅ ብትጭንበትስ?»

«ይሰጥማል።»

«ክንድም እንደዚያው ነው። ሌላም ነገር አለ። እኔ አጥንቱ የሚገባበትን አውቃለሁ እንጂ የሚስበው ጉልበት የለኝም። የይርሳው የጭን ሥጋ ጨምድዶ ይዞታል፤ እሱን አሸንፎ የሚስብ ክንድ እፈልጋለሁ። ያ ክንድ ያንተ ነው። ዛሬ ከጨረስከው ነገ በምን እንስበዋለን?»

እንየው እስከዚያች ሰዓት ድረስ መንገዱን እንጂ ከመንገዱ በኋላ ያለውን ሥራ አላሰበም ነበር። መደብ ላይ ጋደም እንዳለ፣ ስለ ወንድሙ ሲጨነቅ እንቅልፍ ይዞት ሄደ።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሱት። ክንዱ ሲነኩት ያመዋል፣ ግን ይታዘዛል። ጣና ነፋስ ሳይነካው እንደ ዘይት ረግቷል። እሜቴ አትጠገብ ታንኳው መሃል ተቀምጠው፣ በኃይል መቅዘፍ ሲጀምር «ቀስ» ይሉታል፤ ጥቂት ሲሄዱ ደግሞ መቅዘፊያውን አስቀምጦ በሶ እንዲጠጣ ያዙታል። በየመሃሉ እንዲህ እያሳረፉት እንኳ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ደቅ ደረሱ። እንየው ትናንት እየተጣደፈ ከፈጀው ሰዓት ዛሬ መቀነሱን ሲያይ ደነቀው።

አቶ ደምለው ወደቡ ላይ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቋቸው። «ወንድምህ ሲያቃስት አደረ» አሉት። «አንተ እንዴት እንቅልፍ ወሰደህ?»

«ያስተኛሁት እኔ ነኝ» አሉ እሜቴ አትጠገብ። «ደግሞም አሁን ጥላ ሥር ጋደም ይበልልኝ።»

ሽማግሌው ለወጌሻ ክብር ብለው መንገድ ለቀቁ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። እሜቴ አትጠገብ ይርሳው አጠገብ ተቀምጠው የጨመደደውን የጭን ሥጋ በትኩስ ቅቤ አሹት፣ አሹት። ሥጋው እየላላ ሲመጣ እንየውን አስጠሩት። የይርሳውን ወገብ በነጠላ አስረው ለሁለት ጎረቤቶች አስያዙና ጉልበቱን አጥፈው ለእንየው ሰጡት።

«እንዳትነጥቅ» አሉት። «ቀስ ብለህ ወደ ላይ ሳብ። እኔ በቃህ ሳልል እንዳትለቅ።»

እንየው ሳበ። ይርሳው ጥርሱን ነከሰ። ሥጋው አልበገር ብሎ ቆየ፤ የእንየው ግንባር በላብ ታጠበ፣ ክንዱ ተወጠረ፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። ትናንት ቢሆን ይህን የእግር ክብደት ገና በጅምሩ እንደሚለቀው ያውቀዋል። እሜቴ አትጠገብ ጣታቸውን ዳሌው ላይ አድርገው «ያዝ፣ ያዝ» ይላሉ። ከዚያ ከውስጥ ግጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ይርሳው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሁለቱን እግሮቹን አስተካክለው ቢያዩዋቸው እኩል ሆነዋል።

ይርሳው ብዙ ቀን ተኝቶ፣ በክረምቱ ሳያነክስ እርፍ ጨብጦ መውጣቱ የኋላ ነገር ነው። ያን ዕለት ግን ቤቱ በምርቃት ሲሞላ እንየው ጥላው ሥር ተመልሶ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አንድ ጎረቤት እሜቴ አትጠገብን ወደ ዘጌ እንዲመልሳቸው ሊቀሰቅሰው ሄደ። አቶ ደምለው ግን ጎረቤቱን ክንዱን ይዘው አስቆሙት። የልጃቸውን የተዘረጉ እጆች ትክ ብለው አዩ፤ ወደ ወጌሻዋም ዞረው እጅ ነሡና እንዲህ አሉ፦ «እሜቴ የዛሬን ከእኛ ጋር ይደሩ፤ ልጁን ተዉት ይተኛ፤ ጉልበት በሥራ ይወጣል፣ በእንቅልፍ ይመጣል።»