ቀዩና አረንጓዴው መስመር

አንዲት ሴት ነበረች፤ የሻረግ ትባላለች። በአንድ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የቆዩ ሰነዶችን በኮፒ ማሽኑ ስካን እያደረገች ኮምፒውተር ውስጥ ታስገባለች። የገባው ሰነድ ወረቀቱ እንዲቃጠል ታዟል።

አንድ ቀን የአንድ መንደር ገበሬዎች መዝገብ ደረሳት። አርባ ሦስት ገጽ ነው። በመካከሉ አሮጌ ካርታ አለ፤ የገበሬዎቹ ማሳ በቀይ፣ የመንግሥት መሬት በአረንጓዴ ተሰምሯል። በዚያው ሰሞን አንድ ባለጸጋ የመንግሥቱን መሬት በሊዝ ወስዶ፣ ማሳቸውንም ጨምሮ «የእኔ ነው» በማለት ከገበሬዎቹ ጋር ይካሰስ ነበር።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ መጣና «ይህን በጥቁርና ነጭ አንሺው» አላት።

የሻረግ ካርታውን ሞከረችው። ሁለቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነው ወጡ፤ የማን ማሳ የት እንደሚያበቃ አይለይም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት፤ ወረቀቱ ሲቃጠል የገበሬዎቹ ድንበር አብሮ ይጠፋል።

«ጌታዬ፣ ይህ በቀለም መነሣት አለበት» አለችው።

«ቀለም እንቆጥባለን።»

«ስካን ማድረግ እኮ ቀለም አይፈጅም።»

«አንቺ የታዘዝሽውን ሥሪ። ጥያቄ ቢመጣ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ብሏት ሄደ።

የሻረግ ሁለት ልጆች አሏት፤ ከዚያች ደመወዝ በቀር መተዳደሪያ የላትም። ፈርታለች። ቢሆንም ማሽኑን ወደ ቀለም መለሰችው። አሮጌው ወረቀት ከላይ ሲገባ እየተቀረቀረ ስላስቸገራት፣ ክዳኑን ከፍታ አንድ አንዱን ገጽ በመስተዋቱ ላይ በእጇ ታነጥፍ ጀመር፤ ፊቱንም ጀርባውንም። ባለጉዳዮች በመስኮቱ ተሰልፈው ያዩአታል።

ካርታው ላይ ስትደርስ ኃላፊው ተመልሶ መጣ። እጁን ሰዶ ማሽኑን ወደ ጥቁርና ነጭ አደረገው። እርሷ ወደ ቀለም መለሰችው። እንደገና አደረገው፤ እንደገና መለሰችው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል እስኪሰማ ድረስ ተናገረች።

«ማሽኑን ማጥፋት ይችላሉ። እኔንም ማባረር ይችላሉ። የሰው ድንበር ግን በእኔ እጅ አይጠፋም።»

ከተሰለፉት አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው «የማን ድንበር ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ኃላፊው ሰልፈኛውን አየ፣ እርሷን አየ፣ ወጥቶ ሄደ። የሻረግም አርባ ሦስቱን ገጽ ጨርሳ አስገባች።

በሳምንቱ ሩቅ ቀበሌ መደቧት። ዳኛው ግን ፋይሉን ሲከፍት ቀዩም አረንጓዴውም እንደ ነበረ ታየ፤ ገበሬዎቹም የዘሩትን አጨዱ። እርሷ ዛሬም ሥራ ለመድረስ ሁለት ሰዓት በእግሯ ትሄዳለች። «አልተጸጸትሽም?» ሲሏት «እግሬን ያመኛል» ትላለች እንጂ ሌላ አትልም።

ልጄ ይኸነው፣ አንተም ሥራ ልትጀምር ነውና «አለቃዬ ክፉ ነገር ቢያዘኝ፣ በደሉ የአዛዡ ነው እንጂ የእኔ ነው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ክፉ አዛዥ ብቻውን የትም አይደርስም፤ የሚሠራለት እጅ ይፈልጋል። ነገ ያንተን እጅ ይጠይቅሃል። «ተጠያቂው እኔ ነኝ» ይልሃል፤ አትመነው፣ ማሳው የተወሰደበት ሰው የሚያውቀው ያንተን እጅ ነው። ብትከለክለው ይቆጣል። ይቆጣ። ቢፈልግ ሩቅ አገር ይመድብህ፤ እጅህን ግን አትስጠው።