ሰው ማየት የተማረው ድሮን

አንዲት ሴት ከስንዴ ማሳ ዳር ቆማ ነበር። በእጇ መቆጣጠሪያ ይዛለች፤ ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው። ከፊቷ አንድ ድሮን እየበረረ መድኃኒት ይረጫል። የዋግ በሽታ ስንዴውን ከመጨረሱ በፊት መድረስ አለባት።

ይህች ሴት ትርሲት ትባላለች። አዳማ ውስጥ አነስተኛ ወርክሾፕ አላት፤ ዩኒቨርሲቲ አብሯት ከተማረው ከደምሰው ጋር ሆና ድሮን ትሠራለች። ወገኖቼ፣ እኔ የገዛ ስልኬን እንኳ በቅጡ የማላውቅ ሰው ነኝ። የእነዚህ ልጆች ሥራ ግን ያስደንቀኛል። አሥር ሰው መርጫ በጀርባው አዝሎ ሁለት ቀን የሚለፋበትን ማሳ እነሱ ከቁርስ እስከ ምሳ ይጨርሱታል። ገበያውም ደርቶላቸዋል። ገበሬው ይጠራቸዋል። መንገድ የሚሠራው፣ ካርታ የሚያነሣው፣ ሠርግ የሚቀርጸው ሁሉ ይፈልጋቸዋል። እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው አእምሮ እንዴት ያለ ነው?

ያን ቀን ግን ማሳው ውስጥ ሰው ነበረ።

አዴ ሎሚ ይባላሉ፤ በዚያ በአርሲ በኩል ትልቅ ሴትን ሲያከብሩ «አዴ» ይላሉ። ጎንበስ ብለው አረም ይነቅሉ ነበር። የማሳው ባለቤት ሁሉም ሰው እንዲወጣ ተጣርቷል። እሳቸው ጆሯቸው ስለሚከብድ አልሰሙም። ስንዴው ደግሞ አድጓል፤ ከዳር ለቆመ ሰው አይታዩም። ድሮኑ አናታቸው ላይ ሲደርስ ምን እንደሆነ ለማየት ቀና አሉ። መድኃኒቱ ፊታቸው ላይ ወረደ።

ትርሲት ጩኸት ሰምታ እየሮጠች ደረሰች። በጄሪካን የያዘችውን ውሃ ሁሉ ዓይናቸው ላይ አፈሰሰች፤ በመኪና ይዛቸው ጤና ጣቢያ ሄደች። አዴ ሎሚ ሦስት ቀን ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኖ ተኙ። ሦስቱንም ቀን ትርሲት ከአጠገባቸው አልተለየችም።

«አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። «አላየንዎትም።»

«እሺ፣ አንቺ አላየሽኝም። ያ የሚበረው ነገርስ? ዓይን የለውም?»

«ዓይንማ አለው። ካሜራ አለው።»

«ምን ያይበታል?»

«ስንዴውን ያይበታል። የታመመውን ከጤነኛው ይለያል።»

አዴ ሎሚ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ስንዴ ሲታመም የሚያውቅ ዓይን ሰው ካላየ ምኑን ዓይን ሆነ?» አሏት።

በአራተኛው ቀን ፋሻው ተፈታ፤ ዓይናቸው ተርፎ ነበር። ትርሲት እቤታቸው አድርሳቸው ተመለሰች። ጥያቄው ግን አብሯት አዳማ ገባ።

ከዚያ በኋላ ምን አደረገች? ይቅርታ ጠይቄያለሁ ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች? አልተመለሰችም። አሥር ወር ሙሉ የርጭት ጥሪ አልቀበልም እያለች፣ ከደምሰው ጋር አንድ ነገር ብቻ ሲሠሩ ከረሙ። ድሮኑ ላይ የሰውነት ሙቀት የሚያይ ካሜራ ገጠሙ። ከሥሩ ሰው ሲያይ ርጭቱን እንዲያቆምና ዞሮ እንዲያልፍ ፕሮግራም ጻፉለት። በመድኃኒቱ ፈንታ ውሃ እየሞሉ ይሞክሩታል፤ ከሥሩ የምትቆመው ራሷ ትርሲት ናት። ስንት ቀን በስብሳ ወጣች። አንድ ቀን ደረቅ ሆና ወጣች።

ግን አንድ ሰው አይቶ ማቆሙ አይበቃም። ረጅም አለ፣ አጭር አለ፣ የተቀመጠ አለ፣ ሕፃን ያዘለች አለች። መሣሪያው ሁሉንም እየቀረጸ መማር ነበረበት። ስለዚህ ወደዚያው መንደር ሄዳ፣ «ሰው እንዳይነካ እናስተምረው፤ ከሥሩ ቁሙልን» አለቻቸው። ከሁሉ በፊት የወጡት አዴ ሎሚ ናቸው። ሰው ሁሉ «ይቅርብዎ» ሲላቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ስንዴው መካከል ገቡና ጎንበስ አሉ። ድሮኑ መጣ። ከእሳቸው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ውሃውን አቆመ፤ ዞሮ አለፈ። አዴ ሎሚ ቀና ብለው፣ «አየኝ» አሉ። ይህን ብቻ ነው ያሉት። ትርሲት ወደ መኪናዋ ሄዳ አለቀሰች።

ወገኖቼ፣ መልካም ነገር ወሬው ይሰማል። የድሮን ኤግዚቢሽን ላይ ይህን ሥራ ያየ አንድ ሰው ወርክሾፑ ድረስ መጣ። ትሑት ነው፤ ንግግሩ ለስላሳ ነው። ከሌላ አገር ኩባንያ የተላከ ደላላ ነበር።

«የሠራችሁት ድንቅ ነው» አላቸው። «እህል ውስጥ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የተደበቀ ሰው ያያል። እኛ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። የምትለውጡት ትንሽ ነገር ናት።»

«ምኗን?» አለች ትርሲት።

«የእናንተ ሰው ሲያይ ዞሮ ያልፋል። የእኛ እንዳያልፍ ነው።»

«ማን ላይ ነው የሚበረው?»

«ይህን ገዢው ያውቃል።»

«ሰውየውን ካየው በኋላስ ምን ያደርገዋል?»

«እሱ የእርስዎ ሥራ አይደለም» አላት ሰውየው፤ በቁጣ አልነበረም። «እርስዎ ማየቱን ብቻ ነው የሚሸጡልን።»

ያቀረበው ገንዘብ ትልቅ ወርክሾፕ ያቆማል። ሰውየው ሲወጣ ደምሰው ቀና አላለም።

«እኛ ባንሸጥለት ሌላው ይሸጥለታል፤ ታውቂያለሽ» አላት።

«ሊሸጥለት ይችላል።»

«ታዲያ ምን ለወጥን?»

«ደምሰው፣ ይህ ዕቃ ሰው ምን እንደሚመስል የተማረው ከአዴ ሎሚ ገላ ነው» አለችው። «ያቃጠልናቸው ሴት እንደገና አምነውን ከሥሩ ቆሙ። ያን ቀን ምን ብዬ እንዳቆምኳቸው አውቃለሁ። እኔ አልችልም።»

አልሸጠችም።

እዚህ መካከል አገር የሚጠብቁ ወታደሮች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በእናንተ ላይ ልፈርድ አልተነሣሁም። ይህች ሴት ግን የማታውቀው እጅ በማታውቀው ሰው ላይ እንዲያነሣው የእጇን ሥራ አልሰጠችም። ለዚህ አከብራታለሁ።

ከዚያማ በረከት ጎረፈላት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልጎረፈላትም። ደምሰው በሰላም ተሰናብቷት ሌላ ድርጅት ገባ። ወርክሾፑ ያው ጠባቡ ቤት ነው፤ ባለፈው ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ አይቻለሁ። ደምሰው ግን አንድ ቀን ደውሎ፣ «አሁንም ልክ ነሽ አልልሽም፤ ነገር ግን እዚህ አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር፣ ማን ላይ ነው የሚበረው ብዬ ሳልጠይቅ ማለፍ አቅቶኛል» ብሏታል። አዴ ሎሚም በሕይወት አሉ። ድሮኑ በሚረጭበት ቀን ሴቶቹ ሁሉ ከማሳ ይወጣሉ፤ ያልሰማች ብትኖር ግን ዞሮ ያልፋታል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ድሮን የለንም ትሉኛላችሁ። የሰውን ገመና የምታውቁ ግን ስንት ናችሁ?

እናንተ አስተማሪዎች፣ ልጁ እቤቱ ምን እንደሚደርስበት አልቅሶ ነግሯችኋል። እናንተ ባለትዳሮች፣ አንዳችሁ የሌላችሁን ቁስል ቦታውን ታውቃላችሁ። አንቺ እህቴ፣ ጎረቤትሽ በጭንቋ ቀን በርሽን አንኳኩታ ሆዷን አራግፋልሻለች። ይህን ያወቃችሁት በብልጠታችሁ ነው? አይደለም። ሰው አምኗችሁ በፊታችሁ ስለ ቆመ ነው።

አንድ ቀን አንዱ በለስላሳ ቃል ይመጣል። አለቃ ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ በንዴት ቀን የገዛ ልባችሁ ሊሆን ይችላል። «ያየኸውን ብቻ ንገረን፤ ከዚያ በኋላ ያለው የአንተ ሥራ አይደለም» ይላል። ሥራችን ነው፣ ወገኖቼ። ከዚያ በኋላ ያለውም ሥራችን ነው።

ምናልባት ጠያቂው በዚህ ሳምንት ይመጣባችሁ ይሆናል። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት፣ አምኗችሁ የነገራችሁን ያን ሰው በስሙ አስቡት። ከዚያ መልሱ።